ሽጉጥ በመኪና፣ መኪና በመሥሪያ ቤት ፓርኪንግ፦ ቴክሳስ ወይስ ፍሎሪዳ?

ዳላስ አካባቢ ስንት ሐበሻ ይኖራል! ማታ ፈረቃ ገብቶ ሌሊት የሚወጣውም ብዙ ነው። አንዳንዱ ሕጋዊ ሽጉጡን የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ፣ በሩን ቆልፎ ሥራ ይገባል። አሠሪው ይህን መከልከል ይችላል?

ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2011 ጀምሮ አይችልም ብላለች። መኪናው የግል፣ የተቆለፈ፣ መሣሪያውም በሕግ የተያዘ መሆን አለበት። ሕንፃው ውስጥ ይዞ መግባትን ግን አሠሪው መከልከል ይችላል።

የፍሎሪዳው ሕግ ቀደም ይላል፤ የጸናው በጁላይ 2008 ነው። እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አለቃህ «መኪናህ ውስጥ ሽጉጥ አለ?» ብሎ በቃልም በጽሑፍም መጠየቅ አይችልም። መፈተሽማ ጭራሽ አይታሰብም። መብቱ የተጣሰበት ሠራተኛ ራሱ መክሰስ ይችላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቀዳዳ ግን አለው። ፈንጂ የሚሠራበት ወይም የሚከማችበት ቦታ ከሕጉ ውጭ ነው። በዚያው ዓመት የፍሎሪዳው የመዝናኛ ፓርክ ዲዝኒ ወርልድ ለርችት ያወጣውን የፈንጂ ፈቃድ ጠቅሶ «ሕጉ እኔን አይመለከተኝም» አለ። በርችት ሰበብ የስንት ሺህ ሠራተኛ መብት መቅረቱ ልክ አይመስለኝም። ቴክሳስም ለአንዳንድ የኬሚካል ፋብሪካዎችና ነዳጅ ማጣሪያዎች የተለየ ድንጋጌ አላት።

በሁለቱም ቦታ መኪናው የድርጅቱ ከሆነ ሕጉ አይሸፍንህም። በድርጅት ቫን ዕቃ የምታደርስ ወንድሜ፣ ይህቺን ልብ በል። ሽጉጡን ከራስህ መኪና አውጥተህ ቫኑ ውስጥ ካስገባኸው፣ ጥበቃው እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ቀረ ማለት ነው።