ቤት ድረስ መጥቶ የሞተሬን ኩላንት ለቀየረልኝ መካኒክ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ባህር ዳር ውስጥ ራዲያተር ያለው፣ ማለትም ኢንጂኑ በኩላንት (በማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚቀዘቅዝ ሞተር ሳይክል የምትነዱ ካላችሁ ይሄ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። የማመሰግነው ሰው አለ። ሥራ እንዲበዛለትም እፈልጋለሁ።

እንደምታውቁት እዚህ ከተማ አብዛኛው ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ለምሳሌ ቦክሰር ሞተር ያለው ሰው ስለ ኩላንት አስቦ አያውቅም፣ ማሰብም የለበትም። ስለዚህ የሞተር መካኒክ ሞልቶ ሳለ ራዲያተር በደንብ የሚገባው ማግኘት ከባድ ነው። የመኪና መካኒኮች ነገሩን ያውቁታል፣ ግን ሞተር ይዛችሁ ስትሄዱ ብዙዎቹ ፊት አይሰጧችሁም።

የኔዋ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል ናት። ከሰው እጅ ነው የገዛኋት። ሥራዬ ገጠር ለገጠር ስለሆነ ወደ ዘጌ፣ ወደ መራዊ፣ አንዳንዴም ወደ ጢስ ዓባይ እሄድባታለሁ፤ ፒስታ ላይ በጣም ነው የምወዳት። ከጊዜ በኋላ ግን የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ፣ ወይም ገበያ አካባቢ በባጃጅ መሀል ስንፏቀቅ፣ የሙቀት መብራቷ ይበራ ጀመር። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ የራዲያተሩን ክዳን እንኳ ሳይከፍት «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሄዷል፣ ኢንጂኑ ይውረድ» አለኝ፤ የኢንጂኑ ራስና አካል የሚገናኙበት ማሸጊያ ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ኢንጂን ማውረድ ስንት ብር እንደሚፈጅ ያሳለፈ ያውቀዋል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት የዚህን መካኒክ ልጅ ቁጥር የሰጠችኝ። ደወልኩለት። የመጀመሪያ ጥያቄው «እህቴ፣ ሞተሯ አሁን ሞቃት ናት?» የሚል ነበር። ገና ከመንገድ መግባቴ ነው ስለው «እንግዲያው ዛሬ አልመጣም፣ ጠዋት እንዳታስነሺያት፣ ቀዝቅዛ ነው ማግኘት የምፈልገው» አለኝ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሞቃት ራዲያተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ታፍኖ በግፊት ነው የተቀመጠው፣ ክዳኑን ስትከፍቱት ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈነዳው። ጠዋት መጥቶም በቃሌ ብቻ አላመነም፣ ራዲያተሩን በእጁ መዳፍ ዳስሶ ነው የነካው።

ወንድሜም እቤት ነበር። ልጁ ግን የሞተሯ ባለቤት እኔ መሆኔን ካወቀ በኋላ የሚጠይቀውም የሚያሳየውም እኔን ነበር። ሞተር የምትነዱ ሴቶች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከመፍታቱ በፊት ሦስት ነገር አየ። አንደኛ የኢንጂኑን ዘይት አየ። ኩላንት ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፣ የኔ ግን ጥርት ያለ ነበር። ሁለተኛ ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት ከውሃ ፖምፓው ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አሳየኝ። የፖምፓው ሲል (ፈሳሹ እንዳያልፍ የሚያሽገው ክፍል) ሲበላሽ ኩላንቱ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚንጠባጠበው። በጣቱ ዳሰሳት፣ ደረቅ ናት። «ፖምፓሽ ደህና ነው፣ ማንም ቀይሪው ቢልሽ እንዳትሰሚው» አለኝ። ሦስተኛ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ። እዚህ ላይ ዝም አለ። ፈሳሹ ቡናማ ነው፣ ከላይ ዝገት የመሰለ ነገር ሰፍፏል። ትርፍ ኩላንት የሚቀመጥባት ማጠራቀሚያዋም ባዶ ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት።

የበፊቱ ባለቤት ኩላንቱ ሲጎድል የቧንቧ ውሃ ይጨምርበት እንደነበር ከዚያ መረዳት ይቻላል አለ። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፣ ሲግል ደለሉ ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል። ሃይላንድ ውሃም ያው ነው፣ ለመጠጥ እንጂ ለራዲያተር አይደለም። ሲሞሉም ሲያጥቡም ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ፣ ማዕድን የሌለው) ውሃ ነው የሚፈለገው። ሱቅ ስትሄዱ «የባትሪ ውሃ» በሉ፣ የባትሪ አሲድ ግን እንዳይሰጧችሁ ጽሁፉን አንብቡ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ሳፋ ከሥር አደረገ፣ ፖምፓው ላይ ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ፈታ። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ፈሳሹ በዝግታ ነው የሚወርደው፣ ክዳኑን ሲያላቅቀው ግን ወደ ፊት ተወርውሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ሳፋውን አስቀድሞ ወደዚያ ገፋ አደረገው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያበቃል። እሱ ግን ትርፍ ማጠራቀሚያዋንም አውልቆ ደፋና አጠባት፣ ቆሻሻው እዚያ ከቀረ ተመልሶ አዲሱን ያበላሸዋልና።

ከዚያ በዲስትልድ ውሃ ሞላት፣ አስነሳት፣ ሞቅ ስትል አጠፋት፣ እስክትቀዘቅዝ ጠበቀ፣ አፈሰሰ። አሁንም ቡናማ ነው። እንደገና። ውሃው እንደገባ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ አልተወም። ጊዜ የሚበላው ይሄ መጠበቁ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «በቃ ጸድቷል» ብሎ ሞልቶ ይሄድ ነበር። እማዬ በመሀል ቡና አፈላች፣ ምሳም ሳይበላ እንዳይነሳ አለች፤ «ልጄ፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ አንተ ሙቅ ነገር ቅመስ» ብላ አስቀመጠችው።

እስኪቀዘቅዝ ሲጠብቅ ግን እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። የራዲያተሩ ክንፎች መሀል የፒስታው ጭቃና ነፍሳት ደርቆ አየሩን ዘግቶት ነበር። በለስላሳ ብሩሽና ቀስ ባለ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት አጠበው። ላቫጆ ስትወስዷት በዚያ ኃይለኛ ውሃ ራዲያተሩን በቅርበት እንዳያስመቷት አደራ፣ ክንፎቹ ስስ ስለሆኑ ይታጠፋሉ። የታጠፉትን አንድ በአንድ በቀጭን ካቻቢቴ ሲያቀና ማየት እንዴት ደስ እንደሚል አልነግራችሁም። ማኒኮቶዎቹንም (የጎማ ቱቦዎቹን) ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ አያቸው፣ አልተሰነጠቁም፣ አልደረቁም። ቱቦዎቹን የሚያስሩትን ፋሼታዎች ብቻ አጠበቀ።

ዋናው ችግር የተገኘው ክዳኑ ላይ ነው። ከሥሩ ያለችው ጎማ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፣ ግፊት አትይዝም። ይሄን ሲያስረዳኝ ነው በጣም የገረመኝ። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ከውሃ ዘግይቶ ይፈላል፣ በዚያ ላይ ደህና ክዳን ግፊቱን አፍኖ ሲይዝ የመፍያው ነጥብ ከ120 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ክዳኑ ከላላ ግን ያ ሁሉ ይቀራል፣ ዳገት ላይ ቶሎ ይፈላና በትርፏ ቱቦ እየፈሰሰ ያልቃል። ከዚያ ሰው ውሃ ይጨምርበታል፣ ውሃው ዝገት ያመጣል፣ ዝገቱ ይዘጋል። የኔም ታሪክ ይሄው ነበር። ኢንጂን ይውረድ የተባልኩት በክዳን ጦስ ነው! አዲሱን ክዳን ስንገዛ አሮጌው ላይ ያለውን 1.1 የሚል ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ነው የወሰደው። ቁጥሩ የግፊቱ ልክ ነው፣ የተገኘው ሁሉ አይገጠምም።

ስለ ኩላንቱም ልንገራችሁ። ቀለሙን አትዩ፣ አረንጓዴም ቀይም ሰማያዊም ማቅለሚያ ብቻ ነው። ጀርባውን አንብቡ፣ ለአሉሚኒየም ኢንጂን የሚሆን፣ ሲሊኬት የሌለበት ይሁን፤ ሲሊኬት የፖምፓውን ሲል እየፋቀ ይጨርሳል። ተዘጋጅቶ የተቀላቀለውን ከገዛችሁ ደግሞ ምንም ውሃ አትጨምሩበት። ያልተቀላቀለው ነው ግማሽ በግማሽ የሚደረገው። የኔዋ ብዙም አትጠጣም፣ አንድ ትንሽ ጀሪካን ገዝተን ተርፏል፤ የተረፈውንም «ያንቺ ነው» ብሎ አስቀመጠልኝ።

የማፍሰሻው ቡሎን ሲመለስ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ከኪሱ አውጥቶ አደረገበት። ቡሎኑ የሚገባበት አሉሚኒየም ስለሆነ በኃይል አልጠመዘዘውም፣ በእጁ አስገብቶ በአጭር ቁልፍ ብቻ ነው ያጠበቀው። ከዚያ ኩላንቱን በቀጭኑ ሞላ፣ ማኒኮቶውን ጨመቀ፣ ሞተሯን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አጋደላት፣ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሥቶ ያለ ጋዝ ሚኒሞ ላይ ተዋት፣ ትንሽ ጋዝ ሰጠት፣ ደረጃው ዝቅ ሲል ጨመረ። አረፋው እስኪያቆም ቆየ። ውስጥ አየር ከቀረ ኩላንት ሙሉ ሆኖም ትግላለች። በመጨረሻ ክዳኑን ዘግቶ ፋኑ እስኪነሳ ጠበቀ። ፋኑ ተነሳ፣ መብራቱ ግን አልበራም። ትርፏን እስከ ላይኛው መስመር ሞላ፣ «ነገ ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለ ደረጃውን እይው፣ ከጎደለ ጨምሪ» አለኝ።

አንድ ነገር ግን በተለይ መጻፍ እፈልጋለሁ። ግቢያችን ውሻና ዶሮዎች አሉ። ልጁ ገና እንደመጣ ውሻው ይታሰር አለ። ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ እንስሳ ይልሰዋል፣ መርዝ ነው፣ ትንሹም ይገድላል። መሬት ላይ የተንጠባጠበውን በጨርቅ ጠራረገ፣ አመድ ነሰነሰበት፣ ጠርጎም አነሳው። አሮጌውን ወንድሜ «ቦይ ውስጥ ድፋው» ሲለው «የኛ ቦይ የሚሄደው ጣና ነው፣ ወንድሜ» ብሎ በጀሪካን አድርጎ ከተቃጠለ ዘይቱ ጋር ይዞት ሄደ። ማንም አላዘዘውም፣ ለዚህም ተጨማሪ ብር አልጠየቀም።

ሒሳቡ ሲደርስ የጉልበቱን ብቻ፣ ቀድሞ በስልክ የነገረኝን ነው የተቀበለው። የክዳኑንና የኩላንቱን ደረሰኝ በእጄ ሰጠኝ። ከመሄዱ በፊት ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ፕላስተር ላይ ጽፎ ከወንበሯ ሥር ለጠፈው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና እንዲቀየር።

ከዚያ ወዲህ ቤዛዊትን በቀትር ወጥቻለሁ፣ መብራቱ አልበራም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ በአንዴ ጥሪ እንዳይበዛበት ራሱ ነው የጠየቀኝ። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ለሱ ነግሬው እሰጣችኋለሁ። ሽምብጥም ዓባይ ማዶም ይመጣል። ስትደውሉለት የሞተራችሁን ሞዴል፣ ኩላንቱ መቼ እንደተቀየረና መብራቱ መቼ መቼ እንደሚበራ ንገሩት። ሳፋና ጨርቅ አዘጋጁ፣ ውሻ ካላችሁ እሰሩ፣ ከማታ ጀምሮም ሞተሯን አታስነሱ።

ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ። እማዬም ሰላም በይልኝ ብላለች።