አሳይታን በአስጎብኚ ማየት፦ ብሩ ይገባዋል ወይ?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ይገባዋል። ግን ሁለት ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የመነሻ ሰዓቱንና የሱቁን ጉዳይ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚቀር ወንዝ መሆኑን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። የሚቀርበትን ቦታ በዓይኔ ለማየት ግን የመንፈቀ ዓመቱን እረፍት መጠበቅ ነበረብኝ። ጥር መጨረሻ ላይ በባቲና በሚሌ አድርጌ ወረድኩ። ከኮምቦልቻ አሳይታ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፤ ጃኬቱ ባቲ ላይ፣ ሹራቡ ሚሌ ሳይደረስ ይወልቃል። ጉዟችሁ ሰኞ ላይ ከዋለ ባቲ ገበያውን እዩት። ደገኛውና ቆለኛው እዚያ ነው የሚገናኘው፤ የአፋሩ ግመልና የደጋው እህል አንድ ሜዳ ላይ ታገኛላችሁ። ሎጊያ ላይ ሚኒባስ ቀይሬ ወደ አሳይታ ገባሁ።

አሳይታን አብዛኛው መንገደኛ ያልፋታል። ከባድ መኪናው ወደ ጅቡቲ ይበርራል፤ ቱሪስቱ ወደ ኤርታሌና ዳሎል ይጣደፋል። ከተማዋ ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ነው ያለችው። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ መንገዱ ዳር ወደተቆረቆረችው ሰመራ ሄደ። አስጎብኚዬ ይህንን ሲነግረኝ ብዙም የከፋው አይመስልም። «ቲቸር፣ ቢሮው ሄደ እንጂ ወንዙ እዚሁ ነው» አለኝ።

አስጎብኚውን ያገኘሁት ባደርኩበት ሆቴል በኩል ነው። የአሳይታ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከኔ ተማሪዎች ይሻላል። ለግማሽ ቀን 1,200 ብር ጠየቀ፣ 1,000 ላይ ተስማማን። «ጠዋት 3 ሰዓት እንነሳ» ሲለኝ እምቢ አልኩ። እናንተም እምቢ በሉ። ጥር ላይ እንኳ 4 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ጭንቅላት ትጠብሳለች። በጋው ሲጠና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ያኔ ከቀትር በኋላ ከተማው ራሱ ይተኛል። 12 ሰዓት ላይ ተነሳን፤ እያዛጋም ቢሆን ሰዓቱን አክብሮ መጣ።

መጀመሪያ የወሰደኝ ከተማዋ ጫፍ ላይ፣ አዋሽን ከላይ ወደምታይበት ገደል አፍ ነው። ይሄ ቦታ ብቻውን ብሩን ይመልሳል። ከኋላህ ግራጫ ጠጠርና አቧራ ነው። ከእግርህ ሥር ቡናማ ውሃ፣ ከማዶ አረንጓዴ ማሳ። መሬቱ በቢላ የተቆረጠ ያህል ለሁለት ይከፈላል።

ልጁ ጥሩ አስጎብኚ መሆኑን ያወቅኩት እዚህ ላይ ነው። ዝም ብሎ «ይሄ አዋሽ ነው» አላለም። ዱላውን አንስቶ አሸዋው ላይ ካርታ ሣለ። አዋሽ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወርድ ይመጣል። ተንዳሆ ሲደርስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይታጠፍና አሳይታ ባለችበት የአውሳ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። እዚህ ጉልበቱን ስለሚያጣ ከደጋ ተሸክሞት የመጣውን አፈር ያራግፋል። የአውሳ ለምነት ሚስጥሩ ይሄ ነው፤ የሸዋ አፈር በረሃ መሀል እርሻ ሆኗል። ከዚያ ወንዙ ጋመሪንና አፋምቦን የመሳሰሉ ሐይቆችን እየሞላ ሄዶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲገባ ያበቃል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕሩ ሳይርቀው ይቀራል።

«ለምን ይቀራል?» ብዬ ጠየቅኩት። ፈተና ነበር፣ አልዋሽም። «መሬት ውስጥ ይሰርጋል ይላሉ» አለኝ። እዚህ ላይ ነጥብ ቀነስኩበት። አቤ መውጫ በሌለው ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። የገባው ውሃ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ፀሐይ ትወስደዋለች። ጨውና ሶዳው ግን ስለማይተን እዚያው ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ጋመሪ ላይ ዓሣና አዞ ሲኖር አቤ ላይ ውሃው የማይጠጣው። ነገርኩት፤ ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። ከኔ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው በትክክል ይነግረዋል ብዬ አስባለሁ።

ስለ መሬቱ ግን ከኔ በላይ ያውቃል። ሦስት የመሬት ቅርፊቶች አፋር ላይ እንደሚለያዩ እኔ ከመጽሐፍ ነው የማስተምረው። እሱ ቤተሰቡ ሲያወራው የሰማው የሰርዶን ነገር ነው። ሰርዶ ከሰመራ አለፍ ብላ መንገዱ ላይ ያለች መንደር ናት፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ርዕደ መሬት አፈራርሷት ሰው ሞቷል። በመስከረም 1998 ደግሞ ከዚህ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ደባሁ አካባቢ፣ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተሰነጠቀ። የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ ያን ሊያይ መጣ። ይህንን ሲነግረኝ እግሬ ሥር ያለውን ጠጠር ደግሜ አየሁት።

ከዚያ ቁልቁል ወደ እርሻው ወረድን። ጉብኝቱ እዚህ ላይ ይንቀራፈፋል፤ ምክንያቱም ዳጉ አለ። መንገድ ላይ የተገናኙ አፋሮች ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ሞተ፣ ፍየል ስንት ገባ። አስጎብኚዬ ባገኘው ሽማግሌ ሁሉ ፊት ይቆማል። እኔም አብሬ እቆማለሁ፤ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ሰው በዚህ ሲናደድ ይታየኛል። አትናደዱ። ወደ ሎጊያ የሚመለሰው ሚኒባስ ያን ቀን ቀደም ብሎ እንደሚወጣ ያወቅነው በዳጉ ነው፤ መነኻሪያ ሄጄ ብጠይቅ ማንም በትክክል አይነግረኝም ነበር።

እርሻው ዳር አንድ እሾሃማ ዛፍ አሳየኝ፣ ፕሮሶፒስ። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከውጭ የመጣ ነው። ከብቱ ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በእበቱ ይዘራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የግጦሹን መሬት ዋጠው። ልጁ እዚህ ላይ ብቻ ነው የተቆጣው። «ይሄን ያመጣ ሰው ግመል የለውም» አለ።

ታሪኩ የመጣው ሻይ ቤት ከተቀመጥን በኋላ ነው። በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተጋገረ ትኩስ ቂጣና ቅመም የበዛበት ሻይ አዘዝን። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ፤ ልማዱ እንደዚያ ይመስለኛል።

የአውሳ ታሪክ ረጅም ነው። ከግራኝ አሕመድ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1577፣ ኢማም መሐመድ ጋሳ መናገሻውን ከሐረር ወደ አውሳ አዛወረ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥልጣኑ ወደ አፋሮቹ ሙዳይቶ ሱልጣኖች ገባ። ልጁ ይህንን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፎት ቀጥታ ወደሚወደው ታሪክ ሄደ፤ ወደ ሙንዚንገር። ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ለግብፁ ገዥ ለከዲቭ ኢስማኤል አድሮ፣ ወታደር አስከትሎ ከባሕሩ ዳር ከታጁራ ወደ አውሳ ገባ። በኅዳር 1868 ዓ.ም. የሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ሰዎች ሌሊት ደርሰው እሱንም አብዛኛውን ጦሩንም ደመሰሱ። ልጁ ሲተርከው በቦታው የነበረ ነው የሚመስለው። ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ቀድሞ እንደነቃ ሳይቀር ይነግራችኋል። የዚህን ግማሹን አልመንኩትም፣ ግን ሻይዬ ቀዘቀዘ።

ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ እስከ አቤ መውረዱንም ያውቃል። ያን ጊዜ ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቅደውለት ነው ያለፈው።

ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ግን ቆጠብ አለ። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ በ1936 ዓ.ም. እንደነገሡ ነገረኝ፤ ግመሎቻችን እንኳ የኢትዮጵያን ባንዲራ ያውቃሉ ያሉበትን፣ ሁላችንም የምናውቀውን ንግግራቸውን በኩራት ወጣው። በ1950ዎቹ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ እንደከፈተ፣ ሱልጣኑም ራሳቸው በሰፊው ጥጥ ያለሙ እንደነበር ግን ከኔ ነው የሰማው። ጥጡ የበላው መሬት የበጋ ግጦሽ ነበር፤ አርብቶ አደሩ ድርቅ ሲመጣ የሚሸሽበት። በ1966ቱ ረሃብ አፋር እንደዚያ የተጎዳበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሱልጣኑ ከደርግ ጋር ተጣልተው ወጡ፣ ደርግ ሲወድቅ ተመለሱ፣ በ2003 ዓ.ም. አረፉ። አንድ አስጎብኚ አሳይታን ሲያስጎበኝ ጥጡን መዝለል የለበትም። የዛሬዋ ከተማ ገበያ፣ ቦይ፣ ከደጋ የመጣው ሠራተኛ፣ ሁሉም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። በነገራችን ላይ አውሳ ያን ጊዜ በወሎ ሥር ያለ አውራጃ ነበር፤ የኛ አገር ሰው ይህንን እየረሳው ነው።

አሁን ሱቁ። ጉብኝቱ የሚያልቀው የአጎቱ ልጅ ሱቅ ውስጥ ነው። ጊሌ የሚባለው የአፋር ጩቤ፣ ከሰሌን የተሠራ ምንጣፍ፣ የወተት ዕቃ። ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ የሰሌን ሥራው እንዲያውም ግሩም ነው። ግን ሰዓቱ የሚቆጠረው ከኔ ግማሽ ቀን ላይ ነው፣ ያውም 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ከመነሳታችሁ በፊት «ሱቅ አልፈልግም» ወይም «አሥር ደቂቃ ብቻ» በሉ፤ አይቀየምም።

ሆቴሉን ስሙን አልጠራውም። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው አብሮ ሞተ፣ ክፍሉ እንደ ምድጃ ሆነ። የሆቴሉ እናት «ልጄ፣ ምን አስገባህ?» ብለው ግቢው ውስጥ የጠፍር አልጋ አወጡልኝ፣ አጎበርም ሰቀሉልኝ። እዚያ ግሩም እንቅልፍ ተኛሁ። ከጅምሩ የግቢውን አልጋ ጠይቁ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለው ግን እዩ፤ ወባ አለ።

በግማሽ ቀን ሐይቆቹን አታዩም። አፋምቦና ጋመሪ ለመድረስ መኪና፣ ሙሉ ቀንና የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን አስጎብኚው ያስጨርሳል፣ መኪናው ግን በናንተ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ዋጋው አይቀመስም፤ ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ ሂዱ። በእግር ለሚሄድ ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር፣ ባርኔጣ፣ እሾህ የማይበሳው ጫማ። ክፍያው በጥሬ ብር ወይም በቴሌብር ነው። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ወጪውን ከመሥሪያ ቤት የሚያስመልስ ሰው ከወዲሁ ይወቀው።