ፊቷን ዝቅ አድርጉልኝ

ዘንድሮ ከቨርጂኒያ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ስገባ አባባ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልጆቼ አይደለም። "መኪናዋን አየሃት?" አለኝ። መኪናዋ በፈረንጅ 1996 ሞዴል ሒሉክስ ናት፤ ሲንግል ካብ፣ በኋላ ጎማዋ ብቻ የምትነዳ። አንድ መካኒክ "መንገዱ ድንጋይ ነው" ብሎ ፊቷን ከፍ አድርጓታል። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ስትገባ ጥርስ ታንገጫግጫለች። እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ስለሚያማት በርጩማ ካልተቀመጠላት አትወጣም።

እናም ከዕረፍቴ ሁለት ቀን ለጋራዥ ሰጠሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ዘመዶች የጠቆሙኝ ትልቅ ጋራዥ ነው። ስሙ ይቅር። እንግዳ መቀበያው ያምራል፤ ማኪያቶ ሁሉ አለው። መካኒኩ ግን ከመኪናዋ ሥር እንኳ ሳይገባ ዋጋ ጠራ። ሾክ አብዞርበር፣ ቦል ጆይንት፣ ቴስቲና፣ ባጠቃላይ የፊት እግሯ ይቀየር አለ። "ከበደኝ" ስለው ሌላ መላ አመጣ፤ ቶርሽን ባሩን በእሳት ማለዘብ! ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ያ ብረት እሳት ካገኘው ጥንካሬው ይሄዳል፤ አንድ ቀን ጭነት ላይ ቢሰበርስ?

የዚህች መኪና ፊት ሞላ የለውም። በየጎኑ ከሻንሲው ጋር የተጋደመ ረጅም የብረት ዘንግ አለ፤ ቶርሽን ባር የሚባለው እሱ ነው። ጎማው ሲነሳ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ መልሶም ይገፋል። ከኋላ ጫፉ ላይ ቡሎን አለ። ሲጠብቅ ፊቷ ይነሳል፣ ሲላላ ይወርዳል። የበፊቱ መካኒክ ያጠበቀው እሱን ነው። ዝቅ ለማድረግ የሚገዛ ዕቃ የለም ማለት ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገኘኋቸው ሽማግሌ መካኒክ ይህ ሳልነግራቸው ገባቸው። ቱታቸው በዘይት ጠቁሯል። መጀመሪያ ያወጡት ሜትር ነው። ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለኩ፣ በግራም በቀኝም። ግራው በአንድ ሳንቲሜትር ተኩል ይበልጣል። "አየህ ልጄ፣ አንካሳ አድርገዋታል" አሉ። የነበሩበት እንዲታወቅ ቡሎኖቹ ላይ ነጭ ቀለም ቀቡ። በክሪክ አነሷት፤ ክብደት እንዳለበት ከተፈታ የቡሎኑ ጥርስ ይበላል። ከዚያ በትንሽ በትንሹ አላሉ። አወረዷት፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ አስገፉን፣ እንደገና ለኩ። ይህን ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ 4 ሳንቲሜትር ወረደች።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይጨምሩላት" አልኳቸው።

"ከዚህ ካለፈች ላስቲኩ ላይ ቁጭ ትላለች። ያኔ ጋሪ ግዛ።"

ላስቲክ ያሉት የፊት እግሯ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚመክተውን ነው። የቀኙ ራሱ ተበልቶ አልቋል። እሱን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለማስረዳት አትድከሙ። ደግሞ "ኦኬ" አትበሉ። እኔ አንዴ "ኦኬ" ብዬ ዋጋው እጥፍ ሆነ። አባባ ከኋላዬ ሲመጣ ተመልሶ ወረደ።

ቁመቷ ሲቀየር የጎማው አቋምም ይቀየራል፤ አላይመንት ሳያሠሩ መንዳት ጎማ መጨረስ ነው። ሳሪስ በኮምፒውተር የሚሠሩ ልጆች ጋ ሄድን። ወረፋው ሁለት ሰዓት፣ ሥራው ግማሽ ሰዓት። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልክ በወረቀት አትመው ሰጡኝ፤ ይሄን ደስ ብሎኛል። በቴሌብር ከፈልኩ። የላስቲኩ፣ የሽማግሌውና የአላይመንቱ ሒሳብ ተደምሮ፣ ትልቁ ጋራዥ ለሾክ አብዞርበር ብቻ የጠራውን ግማሽ አይሞላም።

ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። እማዬ ያለ በርጩማ ገብታ መሀል ተቀመጠች። ጉድጓዱ ያው ነው፣ ጥርሳችን ግን አልተንገጫገጨም። ሰንዳፋን አልፈን ሲጨልም ነው ጉዱ የመጣው። መብራቷ አፍንጫዋ ሥር ብቻ ያበራል። ፊቷ ሲወርድ መብራቱም አብሮ ወርዷል፤ ሽማግሌውም እኔም ረስተነዋል። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ካቻቢቴ አዋሰን። አንድ የግንብ አጥር ፊት ለፊት አቆምናት። እኔ ጎንበስ ብዬ እጠመዝዛለሁ፣ አባባ አጥሩ ሥር ቆሞ በእጁ ያሳየኛል፣ እማዬ ከውስጥ "በቃ፣ በቃ፣ አሳለፍከው!" ትለኛለች።