ፍሪፕሌን ከወራት በኋላ፦ ጮቄ እሺ ይላል፣ ዓባይ እምቢ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከክረምቱ ጀምሮ የማስተምርበትን ማስታወሻ በሙሉ በማይንድ ማፕ፣ ማለትም ሐሳብን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየዘረጋ በሚያሳይ ሥዕል ነው የማዘጋጀው። ዋናው መሣሪያዬ ፍሪፕሌን የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ሌሎቹንም በየመሃሉ ሞክሬያለሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ "የቱ ይሻላል?" ለሚለኝ ሁሉ ከማስረዳት አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ፍሪፕሌን ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሳይጫን ከፍላሽ የሚከፈት ስሪትም አለው። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ምንም ነገር መጫን ለማይፈቀድለት ሰው ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ከድሮው ፍሪማይንድ ተገንጥሎ የወጣ ስለሆነ ፋይሉም ያው የፍሪማይንዱ የኤምኤም (.mm) ፋይል ነው። ውስጡ ኤክስኤምኤል፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ ነው። ነገ ፕሮግራሙ ቢጠፋ እንኳ ኖትፓድ ላይ ከፍታችሁ የጻፋችሁትን ፈልቅቃችሁ ታወጣላችሁ።

አጻጻፉ ይፈጥናል። ታብ ስትጫኑ ልጅ ኖድ (ከሥሩ የሚንጠለጠል የጽሑፍ ሳጥን) ይወጣል፣ ኢንተር ስትጫኑ እኩያው ይመጣል፣ ስፔስ ቅርንጫፉን አጥፎ ይደብቃል። ማውስ ሳልነካ አንድ ምዕራፍ እጨርሳለሁ። ቦታውን የሚያደላድለው እሱ ነው፤ አንድ ኖድ ስጨምር ሌሎቹ ራሳቸው ገለል ይላሉ። ብዙ ሰው ይሄን ይጠላል፣ "በፈለግኩበት ማስቀመጥ አልቻልኩም" ይላል። እኔ ደግሞ የወደድኩት ለዚሁ ነው። እንደ ልብ ማስቀመጥ የሚፈቅድ ፕሮግራም ሲሰጡኝ ሳጥን ሳስተካክል፣ መስመር ሳቃና፣ ቀለም ስመርጥ ማታው ያልቃል፣ ትምህርቱ ግን ያው እዚያው ነው።

ችግሩ፣ ይሄ ጥሩነቱ የሚቆየው የምትጽፉት ነገር ራሱ ዛፍ እስከሆነ ድረስ ነው። ጮቄን ውሰዱ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጫፍ ጀምሮ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብላችሁ ትወርዳላችሁ። ከውርጭ ሥር ጅብራና አስታ፣ ከደጋ ሥር ገብስና ድንች፣ ከወይና ደጋ ሥር ጤፍ፣ ከቆላ ሥር ማሽላ። ሁሉም አንድ ወላጅ አለው፣ ፍሪፕሌን በደቂቃ ደርድሮ ያሳያችኋል። ክፍል ውስጥ ሁሉንም አጥፌ እጀምርና ተማሪው ሲመልስ አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ይሄን በፓወርፖይንት ለመሥራት ሌሊቱን ማደር ነበረብኝ።

ዓባይን ግን ሞክሩት። ግልገል ዓባይ ከግሽ ዓባይ፣ ከሰከላ ተነስቶ ጣና ይገባል። ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ይወጣል፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ይዞራታል፣ እየዞረም ከጮቄ የወረዱትን ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን ይቀበላል። እንግዲህ ሙጋ የማን ልጅ ነው? ከጮቄ ሥር ላድርገው ወይስ ከዓባይ? የሁለቱም ነው። ዛፍ ደግሞ ሁለት ወላጅ አያውቅም።

ፍሪፕሌን ለዚህ ሁለት መውጫ አለው። አንዱ ኖድን ከኖድ በቀስት ማያያዝ ነው። ቀስቱ ሦስት አራት እስኪሆን ያምራል፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ላይ እየተጠማዘዘ ማንበብ ያቅታል። ሁለተኛው ክሎን ነው፦ ሙጋን ሁለቱም ጋ ታስቀምጡታላችሁ፣ አንዱ ጋ ያረማችሁት ሌላው ጋም ይታረማል። ስለ ክሎን የሚያወራ ሰው ብዙ አላየሁም፣ እኔ ግን ፍሪፕሌንን እስካሁን ያላባረርኩት በሱ ነው። ሆኖም ክሎን የወንዙን ዙረት አያሳይም፤ ተማሪው ሁለት ሙጋ ያለ ሊመስለው ይችላል።

ለዚህ ለዚህ ሲማፕቱልስ የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል። እሱም ነፃ ነው። ኖዱን የምታስቀምጡት እናንተ ናችሁ፣ መስመሩ ላይም "ይገባል"፣ "ይወጣል"፣ "ይመነጫል" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። መልኩ የድሮ ነው፣ ይሁን። ስለዚህ የምመርጠው በመልክ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው፦ የምጽፈው ነገር ስንት ቦታ ላይ ሁለት ወላጅ ይፈልጋል? አንድ ሁለት ቦታ ከሆነ ፍሪፕሌንና ክሎን ይበቃሉ። በየመስመሩ ከሆነ ዛፉን ተዉት።

ኤክስማይንድ ከሁሉም ቆንጆው ነው፣ የዓሣ አጥንት ቅርጹም የጊዜ መስመሩም ለታሪክ መምህር ይመቻል። ነፃው ስሪት ግን ወደ ምስል ስትቀይሩ የራሱን ምልክት ያትምበታል፣ ሙሉው ደግሞ በዶላር ነው፤ ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ማይንድማይስተር ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ በነፃም ጥቂት ማፕ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ አለፍኩት።

የፍሪፕሌን ሜኑ የቅዳሜ ገበያ ነው፤ የምትፈልጉት አለ፣ ግን ተጋፍታችሁ ነው የምታገኙት። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ፊደሉ (ፎንቱ) ነው። ዋናው ስታይል ላይ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ምረጡ፣ አለዚያ የግዕዙ ፊደል አንዱ ጋ ደቅቆ አንዱ ጋ ገዝፎ ይታያል። የኖዱን ከፍተኛ ስፋትም ጨምሩ። የኛ ቃል ረጅም ነው፣ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ኖዱ ወደ ታች ይረዝምና ማፑ ያስጠላል። ኖድ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ባትጽፉ ደግሞ ይመረጣል፣ ዝርዝሩን ከኖዱ ኋላ ባለው ኖት ውስጥ አስገቡት።

ለተማሪ በቴሌግራም ስትልኩ ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ትንንሹ ጽሑፍ አይነበብም።

ትልቁ ጉድለቱ ስልክ ላይ አለመኖሩ ነው። አውቶቡስ ላይ የመጣልኝን ሐሳብ ሲምፕልማይንድ በሚባል የስልክ አፕ ላይ እጽፋለሁ። የፍሪማይንድን ፋይል ስለሚከፍት የላፕቶፑን ማፕ ስልኬ ላይ አያለሁ፣ ክሎኖቹን ግን እንደ ክሎን አይጠብቃቸውም። ስለዚህ እርማት የምሠራው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩ ለማየትና ለመጫር ነው።