ጥር 8 ማታ የቆመችው መኪና

አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው «እንዴት ነበር?» መባሉ አይቀርም። እኔ «ጥሩ ነበር» እላለሁ። ከዚያ ሳላስበው ስለ መኪናዋ ማውራት እጀምራለሁ። ባለቤቴ ሰልችቷታል። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ለጥምቀት ሄዶ መኪና ሊከራይ ያሰበ ካለም ይጠቅመው ይሆናል።

የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ታህሳስ ላይ እዚያ በረዶ ስንዝቅ ነው የምንውለው። ለእናቴ ደውዬ «ክረምቱን እናንተ ጋ ላሳልፍ ነው» ስላት «የምን ክረምት? በጋ አይደለም እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳልሄድ ቆይቼ ክረምት ሐምሌ መሆኑ ጠፍቶብኛል።

ስለ በረራው ብዙ አልልም። በዋሽንግተን በኩል በራሳችን አየር መንገድ ሄድኩ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ግማሹ የሰው አደራ። ቦሌ ላይ ፓስፖርት አሳይቼ ሲም ካርድ ወዲያው አወጣሁ። ቴሌብርም ከፈትኩ። ይሄ በእውነት ደስ ይላል። ድሮ ጥቅል ብር በካልሲ ሸጉጬ ነበር የምዞረው፤ አሁን ሱቁም ታክሲውም በስልክ ይቀበላል። ለአንድና ለሁለት ሰው ራይድ ወይም ፈረስ መጥራት በቂ ነው፤ አንዴም አልተጣላሁም። አንዱ ሾፌር እንዲያውም «ከየት ነው የመጣኸው? አማርኛህ የድሮ ነው» አለኝ። የድሮ አማርኛ እንዴት ያለ እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ብርዱ ግን አስገረመኝ። ሚኒሶታ ውስጥ የሚቀዘቅዘው ውጭው ነው። አዲስ አበባ የሚቀዘቅዘው ቤቱ ነው። ቀን በፀሐይ ስንሞቅ እንውልና ሲመሽ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብስ ላይ ጃኬት። እናቴ «ከበረዶ አገር መጥተህ ትንቀጠቀጣለህ?» እያለች ጎረቤት ሁሉ ጠርታ አሳየችኝ።

ገና በቤት አለፈ። ዶሮው፣ ጠጁ፣ የሚመጣው ዘመድ። ስለሱ ምን ይጻፋል? አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ በባንክ እንኳ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ እኔ ስደርስ ከ120 ብር ያልፍ ነበር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ እህቴን ተከትዬ የበዓል ዘይት ልንገዛ ሄድን። ዋጋውን ስሰማ ደስታዬ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቀረ።

አሁን ወደ መኪናዋ።

እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ኖራለች። ከተማዋን ግን አታውቃትም። ከኮተቤ ገበያ፣ ከገበያ ቤተክርስቲያን፣ ከቤተክርስቲያን ለቅሶ ቤት። የታደሰውን ቤተ መንግሥት አላየች፣ አንድነት ፓርክን አላየች፣ የካቲት 2016 ፒያሳ ላይ የተመረቀውን የዓድዋ መታሰቢያም በቴሌቪዥን ብቻ ነው የምታውቀው። ጉልበቷ ደግሞ እንደድሮው አይደለም። ስለዚህ ለጥምቀት ሰሞን ሃይሩፍ ከነሾፌሩ ልከራይና ቤተሰቡን ሁሉ ላዙር አልኩ። ከነልጆቹ አሥር ነን።

በዘመድ በኩል አንድ አከራይ ተገኘ። ስሙን አልጠቅስም። ቢሮ ሄድን፤ ቡና ቀረበልን። ቀኑ 7,000 ብር፣ የሾፌር አበል በቀን 1,000፣ ነዳጅ በእኛ። አራት ቀን፤ ከዓርብ ጥር 9 እስከ ሰኞ ጥር 12። ማስያዣ 20,000 ብር። አሜሪካ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ቢኖር ሳላነብ አለመፈረም ነው። ውሉ አንድ ገጽ ናት። ሁለቴ አነበብኩና ፈረምኩ። «ቀን» የምትለዋን ቃል ግን እንደማንኛውም ሰው አለፍኳት። ቀን ቀን ነው፤ ምኑ ይጠየቃል?

ሐሙስ ጥር 8፣ 11 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። «መኪናዋን ዛሬውኑ እንላክላችሁ፤ ጠዋት መንገድ ስለሚጨናነቅ እንዳትጉላሉ» አሉ። አመሰገንኩ። እንዴት ያለ መልካም ሰው ነው አልኩ! መኪናዋ መጣች፣ ግቢ ውስጥ ቆመች፣ አደረች። ሾፌሩ በታክሲ ቤቱ ሄደ።

ስለ ሾፌሩ ግን ልናገር። በሕይወቴ እንደሱ ያለ ትሁት ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ዓርብ እንጦጦ ወጣን። እናቴ ማርያም ሳትሳለም ፓርኩን አላይም ስትል ያለ ምንም ማጉረምረም ጠበቀን። ከዚያ ፒያሳ። እኔ ፒያሳን ፈልጌ አጣኋት። ዶሮ ማነቂያ የለም። ልጅ ሆኜ ጁስ የምጠጣበት ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ ቦታው እሱ መሆኑን ያወቅኩት ሾፌሩ ሲነግረኝ ነው። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን አሳምሮታል፤ መብራቱ፣ የእግረኛው መንገድ፣ የብስክሌቱ። ያምራል፤ አልዋሽም። ግን የኔ አይደለም። እናቴ በበኩሏ ምንም አልከፋትም። «ጭቃው ቀረልን» አለችና ወደ ዓድዋ መታሰቢያው ገባች። እዚያ አስጎብኚው ልጅ የ1888ቱን ጦርነት ሲተርክላት እንደ ለቅሶ ቤት ከንፈሯን እየመጠጠች ሁለት ሰዓት ቆየች። ልጆቹ ራባቸው። እሷ ምን ገዷት።

የከተራ ዕለት መንገዶች ይዘጋሉ። ይሄን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሾፌሩ መኪናዋን ራቅ አድርጎ አቆመና የእናቴን በርጩማ ተሸክሞ እስከ ጃን ሜዳ አብሮን ሄደ። በርጩማ! ወጣቶቹ ምንጣፍ እያነጠፉ፣ ታቦታቱ እየወረዱ፣ ነጭ በነጭ የለበሰው ሕዝብ እልል ሲል እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቀና ስል፣ እሱ እናቴን ጥላ ይዞላት ቆሟል። ዩኔስኮ በ2012 መዝገብ ላይ ያሰፈረው በዓል ነው እያልኩ ለአሜሪካ የሥራ ባልደረቦቼ ቪዲዮ ላክሁ። አንዷ «ብርድ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሌሊቱ አልነገርኳትም።

ሰኞ ጥር 12 መመለሻችን ነው። ሚካኤል ከጃን ሜዳ ወደ የካ የሚገባበት ቀን። ሾፌሩ ኮተቤ አድርሶን 10 ሰዓት ላይ ወደ ቢሮው ተነሳ። ከኮተቤ ወደ መሃል ከተማ በየት ይለፍ? መንገዱ ዝግ ነው። ተጠባብቆ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደረሰ። ቢሮው ተዘግቷል። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን አስረከበ።

ማክሰኞ ሂሳብ ልዘጋ ሄድኩ። እህቴ አብራኝ ነበረች፤ እግዜር ይስጣት። እኔ በልቤ 32,000 ብር ቆጥሬያለሁ። አራት ቀን፣ በቀን ስምንት። ሰውየው ካልኩሌተሩን አነሳና 58,075 ብር አለኝ።

የሰማሁት ነገር የተሳሳተ መሰለኝ። «ስንት?» አልኩ። ደገመልኝ። ከዚያ እየዘረዘረ ነገረኝ። የተከራየኸው ስድስት ቀን ነው አለ። ጥር 8 ማታ መኪናዋን ተረክበሃል፤ አንድ ቀን። ጥር 13 ጠዋት ነው የገባችው፤ ሌላ ቀን። አበሉም የስድስት ቀን። ከ12 ሰዓት በኋላ ለቆየችበት የማታ ጭማሪ 2,500። በዚያ ሁሉ ላይ 15 በመቶ ቫት። ጥር 8ን «በራስህ ስልክ እሺ ብለሃል» አለኝ። ማመስገኔንም ጠቅሶ! ደም ስሬ ተነሳ።

«ቀን ማለት ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ቀን ቀን ነው» አለኝ። የኔኑ ቃል ለኔው። አሜሪካ መኪና ስትከራይ ቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ ከቁልፉ ሰዓት እስከ ቁልፉ ሰዓት። እርግጥ እዚያም በኢንሹራንስና በማይገባህ ክፍያ ይነጩሃል፣ እሱን አልክድም። ግን ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነው የሚነጩህ። እዚህ የእኛ ሰዓት ከጠዋት 12 እስከ ማታ 12 ስለሆነ ሰውየው እንደተመቸው ይቆጥራል። ሊጨምርብኝ ሲፈልግ ቀኑ 12 ሰዓት ላይ ያልቃል። ማታ ሲያስረክበኝ ግን ያችው ማታ ሙሉ ቀን ናት።

ስጨቃጨቅ ሳቀና «ለእናንተ እኮ 460 ዶላር ምሳ ነው» አለኝ።

አንጀቴ ያረረው እዚህ ላይ ነው። ብሩ አይደለም። እኔ የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ሌሊት። 460 ዶላር ማለት ሁለት ሌሊት ሙሉ ሰው ማንሳትና ማገላበጥ ነው። ይሄን ልነግረው ፈልጌ አፌ ተሳሰረ። ምን ብዬ ልጀምር? ለእናቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

እህቴ ግን አልተሳሰረችም። ቀስ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ደረሰኙን ቁረጥልንና እንከፍላለን» አለች። «ማሽኑ ተበላሽቷል» አላት። «ታዲያ ቫቱ ለማን ነው?» ዝም አለ። ቆየና «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቫቱን እናነሳዋለን» አለ። ባንዴ 7,575 ብር ወረደ! እኔ ዓለም አቀፍ ድርድር የማይ መስሎኝ ቁጭ ብያለሁ።

ከዚያ ወደ ጥር 8 ሄደች። «መኪናዋ ጥር 8 ማታ የት ሄደች? ግቢያችን ውስጥ ቆማ አደረች። እኛ ነን የማሳደሪያ ማስከፈል ያለብን።» ጥር 13ንም አነሳች። በራችሁ ላይ ደርሳ የሚረከባት ሰው የጠፋው በእናንተ ነው አለች። ሰውየው አለቃውን ጠራ። አለቃው ሌላ ሰው ጠራ። ሻይ ቀረበ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ጥር 13ንም የማታ ጭማሪውንም አነሱ። ጥር 8ን ግን ሞተው ተገኙ። አምስት ቀን፣ 40,000 ብር። ማስያዣው ተቀንሶ ቀሪውን ከፈልኩ። ቤት ስንደርስ እናቴ «ለስምንት ሺህ ብር ይሄን ያህል ትቆያላችሁ? ቡናው ሦስተኛው ደርሷል» ብላ ተቆጣችን።

ለሌላው ሰው የምለው ይሄ ነው። ውሉ ላይ መነሻና መመለሻ ሰዓቱን አስጽፉ፤ ጠዋት ይሁን ማታ ጭምር። መኪና ቀድሞ ማታ ልላክ የሚል ካለ አመስግናችሁ ጠዋት ላከው በሉት። ደረሰኝ መኖሩን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ ቫቱ ያኔውኑ ይለያል። በከተራ፣ በጥምቀትና በማግስቱ መንገድ መዘጋቱ እየታወቀ መዘግየቱ የማን እንደሆነም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሁሉም በላይ እዚያው የምትኖር እህት ካለቻችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ቀርቷል። የምመለስ ዕለት ሻንጣዬ ሞልቶ ነበር፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ የሰው አደራ በሌላ አቅጣጫ። እህቴ ለዚያ ሾፌር ደውላ ኖሯል፤ የአጎቱን ልጅ ቪትዝ ተውሶ መጣ። አንዱ ሻንጣ ኋላ፣ ሌላው ጭኔ ላይ። እናቴ ከፊት። መንገድ ላይ ነገር ነገርን አንስቶ፣ ከዚያ አበል በቀን የደረሰው 400 ብር ብቻ መሆኑን ነገረን። እኔ የከፈልኩት 1,000 ነው። እሱ ሲናገረው ስለ አየሩ ጠባይ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጥር 8ማ ጨርሶ እንደተከፈለበት እንኳ አላወቀም ነበር። ሲሰማ መሪውን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ቦሌ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። መኪና ማቆሚያው ላይ ተሳሳምን፤ እናቴ መረቀችኝ፣ ከዚያ ደግማ መረቀችኝ። ሾፌሩ ሻንጣዎቹን ጋሪ ላይ ጫነልኝ። ኪሴ ውስጥ የቀረውን ብር አውጥቼ ልሰጠው ስል እጄን መለሰው።

«ተወው ወንድሜ» አለኝ። «ጥር 8 ማታ ከፍለህ የለ?»