«ጭነን እንሰጥዎታለን» ሲሏችሁ እሺ እንዳትሉ

ይህን የምጽፈው ላፕቶፕ ከገዛሁበት ሱቅ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ነው። እጄ አሁንም አልረጋም። ነገ ቀዝቀዝ ስል ብጽፈው ይሻል ይሆን ብዬ ነበር። ግን ነገ ሌላ ሰው እዚያው ባንኮኒ ፊት ቆሞ ገንዘቡን ይቆጥራል። ስለዚህ አልጠብቅም።

የሻጮቹን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ገና በር ላይ ሲያዩአችሁ ወንበር ይስባሉ። «ለቤት ነው ለስራ?» ይላሉ። መልሳችሁን ሳትጨርሱ አንድ ካርቶን ከመደርደሪያ ይወርዳል። ፕላስቲኩን ዓይናችሁ እያየ በቁልፍ ጫፍ ይቀዱታል። «እሽግ ነው፣ ራስዎ ይዩት» ይላሉ። ያ ፕላስቲክ ሙቀት የሚነፋ መሳሪያ ያለው ሰው ሁሉ የሚያለብሰው ተራ ነገር መሆኑን አሁን ነው ያወቅሁት።

ላፕቶፑን የገዛሁት ለቤታችን ነው። ልጄ አስራ አራት ዓመቱ ነው። እስካሁን የቤት ስራውን የሚሰራው በእኔ ስልክ ነበር። አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቱ ሙሉ ገጽ ሲጽፍ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ከደመወዜ እየቀነስኩ አጠራቀምኩ።

ካርቶኑ ላይ ዊንዶውስ 11፣ ኮር አይ5፣ 12ኛ ጀነሬሽን ይላል። ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ሶፍትዌር ነው፤ የቀሩት ሁለቱ የፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ዓይነትና ትውልድ ናቸው። ላፕቶፑ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። አንድም ጭረት የለውም። ልከፍተው እጄን ስዘረጋ ሻጩ ቀደመኝ።

«ይተዉት፣ አይልፉ። እኛ ጭነን እንሰጥዎታለን። በነጻ ነው።»

ደስ አለኝ። ጥሩ ሰዎች ገጠሙኝ ብዬ አመሰገንኳቸው። ላፕቶፑ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። እኔ ውጭ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስልኬን እየነካካሁ ጠበቅሁ። ተነስቼ ምን እየሰራችሁ ነው አላልኩም። በራሴ ገንዘብ የምገዛውን እቃ ከመጋረጃ ጀርባ ምን እንደሚያደርጉት ለማየት አልጠየቅሁም። ሲመጣ ተከፍቶ፣ መጻፊያውም ፊልም ማያውም ተጭኖለት ነው። ከፈልኩ። ደረሰኝ ቆረጡልኝ። ደረሰኙ ላይ «ላፕቶፕ፣ 1» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ይህችን ደረሰኝ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው ምልክት በዚያው ምሽት መጣ። ስምንት ሰዓት ይቆያል የተባለው ባትሪ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ልጄ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት አወጣ። ባትሪው ሲሰራ ስንት ይይዝ እንደነበር፣ አሁን ሞላ ሲባል ስንት እንደሚይዝ፣ ስንት ዙር ተሞልቶ እንዳለቀ ይጽፋል። የእኛው ሲሰራ 51 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ ነበር። አሁን የሚይዘው 29 ሺህ ነው። የዙሩ ቁጥር 587 ይላል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይህ ቁጥር ዜሮ ነው፤ ቢበዛ ጥቂት ነው።

587። አየሁት። ደወልኩ።

«እሱ ሪፖርት ይሳሳታል» አለኝ ሻጩ። «ባትሪው ገና አልለመደም። ሦስት ቀን ሳይነቅሉ ቻርጅ ያድርጉት። ካልሆነም የሚበላው ሶፍትዌሩ ነው።»

አመንኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማስረጃው ፊቴ ነበር፣ በቁጥር ተጽፎ። እኔ የሰውየውን ለስላሳ ድምጽ ከቁጥሩ አስበልጬ አመንኩ። ልጄ «እማዬ፣ 587 ጊዜ እኮ ነው» ሲለኝ «እነሱ ያውቃሉ» አልኩት። ልጁ ትክክል ነበር፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ሦስቱን ቀን ቻርጅ አደረግን። ለውጥ የለም። ሶፍትዌሩ ነው ካሉ እሱን እናድሰው አልን። ዊንዶውስ ላይ ኮምፒውተሩን እንደ መጀመሪያው የሚያደርግ ሪሴት የሚባል ነገር አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ጀመረው። ሁሉንም አጥፋ የሚለውን መረጠ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ፐርሰንቱ 37 ላይ ደርሶ ሲቆም ተበላሸ ብለን ደነገጥን። ከዚያ መንቀሳቀስ ጀመረ። ልጄ በመሀል ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ስም እያሰበ ነበር። ሦስት ስም ወረቀት ላይ ጽፎ አንዱን ምረጪልኝ አለኝ።

ቋንቋ ጠየቀን፣ መረጥን። ኪቦርድ ጠየቀን፣ መረጥን። ዋይፋይ ጠየቀን። ፓስወርዱን ልጄ ጻፈ። ክቧ መዞር ጀመረች። ትንሽ ጠብቁ አለ። አንዴ ጠፍቶ ተነሳ። ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠግተናል፣ ቀጥሎ የልጄን ስም የሚጠይቅ መስሎን።

የመጣው ግን የአንድ ኩባንያ አርማ ነው። ከአርማው ስር የኩባንያው ስም በትልቁ ተጽፏል። ሰምተነው የማናውቀው ድርጅት። እንኳን ወደ እኛ በደህና መጡ ይላል። ከስሩ የመስሪያ ቤት ኢሜይልዎን ያስገቡ የሚል ባዶ ሳጥን አለ። ሌላ የሚጫን ነገር የለም። መዝለያ የለም። ወደ ኋላ ብንመለስ ያው ነው። አጥፍተን ብናበራውም ያው ነው።

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ፣ ይሄ የማን መስሪያ ቤት ነው?»

የምመልስለት አጣሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ የተሰረቀ እቃ ነው የሚለው ነው። ቤቴ ውስጥ፣ ልጄ ፊት፣ የሰው እቃ ጠረጴዛዬ ላይ አለ ብዬ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ላፕቶፑን ከደንኩት። ልጄ የስም ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እሱን እንዳላየሁ ሆኜ ወደ ጓዳ ገባሁ።

እሁድን ሳነብ ዋልኩ። ነገሩ አውቶፓይለት ይባላል። ትልልቅ ድርጅቶች ለሰራተኞቻቸው ኮምፒውተር ሲገዙ የእያንዳንዱን ማሽን መለያ ዊንዶውስን የሚሰራው ማይክሮሶፍት ዘንድ ያስመዘግባሉ። ማሽኑ እንደ አዲስ ተነስቶ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ማይክሮሶፍት ያውቀዋል፤ ይሄ የእገሌ ድርጅት ነው ብሎ የዚያን ድርጅት በር ይደቅናል። ሃርድ ዲስኩን ፎርማት ብታደርጉት አይለቅም። አዲስ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ሌላ ማከማቻ ዲስክ፣ ብትከቱበትም አይለቅም። መለያው የማሽኑ ስለሆነ ከምዝገባው ሊያስወጣው የሚችለው ያስመዘገበው ድርጅት ነው። በመጀመሪያው መክፈቻ ላይ ኢንተርኔት ካላገኘ ግን ምንም አይልም።

መጋረጃው ለዚህ ነበር፤ ያለ ኢንተርኔት ከፍተው ሊሰጡኝ።

የላፕቶፑን ጀርባ ገልብጬ ሴሪያል ቁጥሩን፣ እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ያለውን ቁጥር፣ ከካርቶኑ ጋር አስተያየሁት። አይገናኙም። ጀርባው ላይ ያለውን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት። ዋስትናው የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ያለቀው በ2023። ዊንዶውስ 11 ለሕዝብ የወጣው በጥቅምት 2021 ነው፤ ማለትም ማሽኑ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዊንዶውስ ሳይወጣ በፊት አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲሰራ ነበር። ከሪሴቱ በፊት ልጄ የማሽኑን መግለጫ ፎቶ አንስቶ ኖሮ እሱንም አየሁት። ፕሮሰሰሩ ከአይ5 ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ10 ይጀምራል። 12ኛ ጀነሬሽን ቢሆን በ12 ነበር የሚጀምረው። ፎቶው ስልኬ ውስጥ አራት ቀን ተቀምጧል። ሄጄ አላነበብኩትም።

ዛሬ ጠዋት ስሙ ስክሪኑ ላይ ለወጣው ድርጅት ደወልኩ። የኮምፒውተር ክፍል ሰው አገናኙኝ። ትሁት ሰው ነው። ሴሪያሉን ነገርኩት፣ ፈለገው፣ አገኘው። ከሌሎች አሮጌ ማሽኖች ጋር በጅምላ የተሸጠ ነው፣ አልተሰረቀም አለኝ። ያን ስሰማ ተነፈስኩ። «ከምዝገባው እናወጣልሻለን» አለኝ፣ «ሴሪያል ቁጥሩ ያለበት የግዢ ደረሰኝ ላኪልን።»

ደረሰኜን አወጣሁ። «ላፕቶፕ፣ 1»።

እንግዲህ ሱቁ የሄድኩት ለጸብ አልነበረም። ገንዘቤን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ ባይመልሱ ደግሞ ሴሪያሉን የጻፈ ደረሰኝ እንዲሰጡኝ ነው። ስገባ ያው ሻጭ ነበር። ወንበር አልሳበም። ስገዛ «እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ሰው ዛሬ «አንቺ» ሆንኩለት።

«ማን ሪሴት አድርጊ አለሽ?»

«ሶፍትዌሩ ነው ስላልከኝ።»

«እና በራስሽ ትነካኪዋለሽ? እቃ እኮ የሚበላሸው እናንተ ስትነካኩት ነው።»

ቴክኒሻኑን ጠራው። አንድ ወጣት ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። የድርጅቱን ስም ስክሪኑ ላይ ሲያይ ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሺፍትና ኤፍ10 አንድ ላይ ተጫነ። ጥቁር መስኮት ተከፈተ። አንድ መስመር ጻፈ። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ። ኢንተርኔቱን ዘለለው። ጥቂት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ኪቦርዱንም አላየውም። ጣቶቹ መንገዱን ያውቁታል። ስንት ቤት የገባ ላፕቶፕ ላይ እንዲህ እንዳደረገ እዚያው ቆሜ አሰብኩ።

«አየሽ? ይሰራል» አለኝ ሻጩ።

«ነገ ሪሴት ባደርገውስ?»

«አታድርጊያ።»

አዲስ ነው ብላችሁ ነው የሸጣችሁልኝ አልኩት። «ቤት ውስጥ ለመጠቀም ለአንቺ አዲስ ነው» አለኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ። ቴክኒሻኑ ሳቀ። ሴሪያል ቁጥሩን ደረሰኝ ላይ ጻፍልኝ ስለው ደረሰኝ አንዴ ነው የሚቆረጠው አለ። ገንዘቤን ስለው ጀርባውን ሰጠኝ። ወደ ባንኮኒው ሌላኛው ጫፍ ሄዶ አንድ አባት ጋ ቆመ። ሰውየው አዲስ ካርቶን ፊት ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው ሴት ልጃቸው አለች። «ይተዉት አባባ፣ አይልፉ» ሲላቸው ሰማሁት። «እኛ ጭነን እንሰጥዎታለን።»

አንድ ቃል ሳልናገር ወጣሁ። ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። ቢያንስ «አባባ፣ ራስዎ ይክፈቱት» ማለት ነበረብኝ። ለእሳቸው ያላልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሳትከፍሉ በፊት ላፕቶፑን ራሳችሁ፣ እዚያው ባንኮኒ ላይ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ክፈቱት። ዋይፋይ የለንም ካሏችሁ ከስልካችሁ ኢንተርኔት አጋሩት። የማታውቁት ድርጅት ስም ከመጣ ካርቶኑን ትታችሁ ውጡ። ተከፍቶ ተጭኖ የቀረበላችሁ ከሆነ ደግሞ ሪሴት አድርጌ ነው የምገዛው በሉ። ሰዓት ይፈጃል፤ ይፍጅ። ፊታቸውን ካጠቆሩ መልሱን አገኛችሁ። የካርቶኑና የማሽኑ ሴሪያል አንድ መሆኑን እዩ። ደረሰኙ ላይም ያው ቁጥር ይጻፍ። የባትሪ ሪፖርቱን ደግሞ አውጥታችሁ የዙሩን ቁጥር እዩ።

ከሱቁ እንደወጣሁ ያን የድርጅቱን ሰው መልሼ ደወልኩለት። ደረሰኝ እንደከለከሉኝ ነገርኩት። የላፕቶፑን ጀርባ፣ ካርቶኑንና ያለኝን ደረሰኝ ፎቶ አንሺና ላኪ፣ ኃላፊዬን ልጠይቅ አለኝ። ልኬለታለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም።