ቀይ ፓፓያ ወይስ ቢጫ?

ፓፓያ ልትተክሉ ነው እንበል። ውስጡ ቀይ የሆነው ይሻላል ወይስ ቢጫው?

የቀለሙ ልዩነት የሚመጣው ከአንድ ጂን ነው። ሁለቱም መጀመሪያ ላይኮፒን የሚባለውን ቀይ ቀለም ይሠራሉ። ቢጫው ውስጥ ያለ፣ በዚሁ ጂን የሚሠራ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያካሂድ ፕሮቲን) ይህን ወደ ቤታ ካሮቲንና ወደ መሰል ቢጫ ቀለሞች ይቀይረዋል። በቀዩ ግን ጂኑ ላይ 2 የዲኤንኤ ፊደላት ተጨምረው ኢንዛይሙ ከሥራ ውጭ ሆኗል። ስለዚህ ላይኮፒኑ እዚያው ይጠራቀማል። ይህቺ ትንሽ ለውጥ ያን የመሰለ ቀለም መስጠቷ ሁሌም ይገርመኛል!

ዘር፦ ቀይነት የሚታየው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። ቀይ ከቀይ ከተዳቀለ ልጆቹ ሁሉ ቀይ ናቸው። ቢጫው ግን ቀይን ደብቆ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያሉ ሁለት ቢጫዎች ሲዳቀሉ ከ4 ችግኝ በአማካይ 1ዱ ቀይ ይወጣል።

ቆይታ፦ ቢጫው ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ይለሰልሳል፤ ቀዩ ይቸኩላል። የሁለቱንም መብሰል የሚያፋጥነው የበሰለ ሙዝም የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሆነ ከበሰለ ሙዝ አጠገብ አታስቀምጧቸው።

ገበያው ሩቅ ከሆነ ቢጫውን እመርጣለሁ። የራሳችሁን ዘር እያስቀራችሁ ቀለሙ እንዳይቀያየር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀዩ ይመቻል፤ በአቅራቢያው ቢጫ ፓፓያ እስከሌለ ድረስ።